የፓፒረስ ቁራጭና የሰባኪ አንደበት



ዛሬ የምጽፍላችሁ ነገር በከፊል ኑዛዜ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በትንሣኤ ሰሞን ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ታማኝነት ሰብኬ ነበር። በስብከቱ መካከል በእንግሊዝ አገር፣ በማንቸስተር ከተማ ስለሚገኝ አንድ የፓፒረስ ቁራጭ አነሣሁ። «ይህ ቁራጭ የዮሐንስ ወንጌል ከተጻፈ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የተገለበጠ ነው። ሳይንስ በካርቦን ምርመራ አረጋግጦታል። ዛሬ በእጃችን ካለው ወንጌል ጋር በአንዲት ፊደል እንኳ አይለይም» አልኩ። ጉባኤው «አሜን!» አለ። እኔም ደስ ብሎኝ ከመድረክ ወረድኩ።

ከአምልኮው በኋላ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በር ላይ ጠበቀችኝ። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ያደገች፣ በመዘምራን የምታገለግል ልጅ ናት። «ፓስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ያ ቁራጭ በካርቦን መመርመሩን የት አገኙት? እኔ ያነበብኩት ዕድሜው የተገመተው በእጅ ጽሕፈቱ እንደሆነ ነው።» አጣርቼ እንደምነግራት ቃል ገባሁላት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «ወንድሜ ቤተ ክርስቲያን መምጣት የተወው በእንዲህ ያለ ነገር ነው። በወጣቶች ትምህርት ላይ ‹በጥንት ቅጂዎቹ መካከል አንድም ልዩነት የለም› ተብሎ ተማረ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ልዩነት መኖሩን በዓይኑ ሲያይ፣ ‹በዚህ ከዋሹኝ በትንሣኤውም ዋሽተውኛል› አለ።»

ያን ቀን ምሳዬ አልጣመኝም። ቤቴ ገብቼ የድሮ ማስታወሻዎቼን አገላበጥኩ። ከሃያ ዓመት በላይ ሳልመረምር የደጋገምኩት ነገር ነበር። የካርቦኑን ነገር ከየት እንዳመጣሁት ላገኘው እንኳ አልቻልኩም። መምህሮቼ አላስተማሩኝም። ከመደጋገም ብዛት ራሴ ጨምሬው ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ስለ እነዚህ ጥንታዊ ጽሑፎች በጥንቃቄ ሳነብ ቆይቻለሁ። የደረስኩበትን አቋም በአጭሩ ልንገራችሁ። ፓፒረሶቹ እግዚአብሔር ለቤተ ክርስቲያን ያቆየላት ትልቅ ስጦታ ናቸው፤ እኛ ሰባኪዎች ግን የእግዚአብሔርን ስጦታ በማጋነን እያበላሸነው ነው።

ፓፒረስ ምንድን ነው?

ፓፒረስ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአማርኛ ደንገል የምንለው ተክል ነው። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከዚሁ ነው። የሙሴ እናት ሕፃኑን በወንዝ ዳር ያኖረችበት ሣጥንም ከደንገል እንደተሠራ መጽሐፍ ቅዱሳችን ይነግረናል (ዘጸአት 2፥3)። ግብፃውያን የግንዱን ውስጠኛ ክፍል በስስ በስሱ እየቆረጡ፣ አንዱን ድርብ ቁም ሌላውን አግድም ደራርበው፣ ቀጥቅጠውና አድርቀው መጻፊያ ያደርጉት ነበር። ሐዋርያው ዮሐንስ በሁለተኛ መልእክቱ ቁጥር 12 ላይ በወረቀትና በቀለም መጻፍ እንደማይወድ ሲናገር፣ «ወረቀት» የተባለው ይኸው ነው።

እኛ አገር የምናውቀው ጥንታዊ መጽሐፍ በብራና የተጻፈ ነው። ብራና ቆዳ ስለሆነ ዘመን ይቋቋማል። ፓፒረስ ግን እርጥበት ሲነካው ይበሰብሳል። ስለዚህ በቆሮንቶስ፣ በኤፌሶንና በሮም የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች አልቀዋል። የተረፉት ከሞላ ጎደል በደረቁ የግብፅ አሸዋ ውስጥ የነበሩት ናቸው። ከካይሮ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጥንታዊቷ ኦክሲሪንኩስ፣ ግሬንፌልና ሀንት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. ከ1896 ማብቂያ ጀምሮ የከተማዋን የቆሻሻ ክምር ቆፍረው የግብር ደረሰኝ፣ የግል ደብዳቤ፣ የውል ወረቀት በብዛት አወጡ። በዚያ መካከል የማቴዎስ ወንጌል ቁራጭ ነበረ። ዛሬ በግሪክ ቋንቋ የተጻፉ፣ በቁጥር ተመዝግበው የሚታወቁ የአዲስ ኪዳን ፓፒረሶች ከ140 በላይ ናቸው። አብዛኞቹ ቁርጥራጮች ሲሆኑ፣ ጥቂቶቹ ግን ብዙ ቅጠል ያላቸው መጻሕፍት ናቸው።

የማንቸስተሩ ቁራጭ እውነተኛ ታሪክ

እኔ የሰበክሁበት ቁራጭ ፓፒረስ 52 ይባላል። ርዝመቱ 9 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በመዳፍ ውስጥ ይያዛል። ግሬንፌል እ.ኤ.አ. በ1920 ከግብፅ ገዝቶት፣ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ሳይታወቅ ተቀምጦ ኖረ። በ1934 ኮሊን ሮበርትስ የተባለ ምሁር ሲያነበው የዮሐንስ ወንጌል ሆኖ አገኘው፤ በማግስቱ ዓመትም ታተመ። በፊቱ ከዮሐንስ 18፥31-33፣ በጀርባው ከ18፥37-38 ጥቂት ቃላት አሉበት። በሁለቱም ገጽ መጻፉ ጥቅልል ሳይሆን እንደ ዛሬ መጻሕፍት ቅጠል ያለው መጽሐፍ እንደነበረ ያሳያል።

ዕድሜው በካርቦን አልተለካም። ምሁራን የፊደሎቹን አጣጣል ዘመናቸው ከታወቀ ሌሎች ጽሑፎች ጋር አስተያይተው ነው የገመቱት። ሮበርትስ የ2ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ነው አለ፤ ብዙዎችም ተቀበሉት። ብሬንት ኖንግብሪ የተባለ ምሁር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት፣ ይህ ዓይነቱ ጽሕፈት እስከ 2ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና እስከ 3ኛው መጀመሪያም ሊዘልቅ እንደሚችል አሳየ። አንድ ሰው ወጣት ሳለ የተማረውን የእጅ ጽሕፈት እስኪያረጅ ድረስ ይጽፍበታል። ስለዚህ በእጅ ጽሕፈት ብቻ ይህን ዓመት ነው ብሎ መቁረጥ አይቻልም።

«አንዲት ፊደል አይለይም» ያልኩትም ስህተት ነበር። በዚያች ትንሽ ቁራጭ ላይ እንኳ ሁለት ቃላት ከተለመደው ለየት ባለ ፊደል ተጽፈዋል። ትርጉሙን ምንም አይለውጥም። ቢሆንም እኔ የተናገርኩት ነገር እውነት አልነበረም።

ብቻዬን የተሳሳትኩ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ በተደረገ ሕዝባዊ ክርክር ላይ በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የማርቆስ ወንጌል ቁራጭ ተገኘ ተብሎ ተነገረ። ወሬው በዓለም ዙሪያ በስብከትና በእምነት መከላከያ ትምህርት ተሰራጨ። ቁራጩ በ2018 ታትሞ ሲወጣ ግን ከዚያው ከኦክሲሪንኩስ የተገኘ፣ የ2ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም የ3ኛው መጀመሪያ ሆኖ ተገኘ። ወሬውን በአደባባይ የተናገሩት ምሁር በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ። በ2019 ደግሞ የኦክሲሪንኩስን ፓፒረሶች የሚጠብቀው የግብፅ ጥናት ማኅበር፣ ከስብስቡ ያለ ፈቃድ የወጡ 13 ቁራጮች በዋሽንግተን በሚገኘው የመጽሐፍ ቅዱስ ሙዚየም እጅ መገኘታቸውን አስታወቀ። ሙዚየሙም ለመመለስ ተስማማ። ማስረጃ ለማግኘት ስንቸኩል የት እንደምንደርስ አያችሁ?

ሳናጋንን የምንናገረው ብዙ አለ

የሚያሳዝነኝ ማጋነን አያስፈልገንም ነበር። እውነቱ ብቻውን በቂ ነው።

ፓፒረስ 46ን ውሰዱ። የጳውሎስን መልእክቶች የያዘ መጽሐፍ ነው፤ ብዙ ምሁራን 200 ዓ.ም. አካባቢ ተጻፈ ይላሉ። ከነበሩት 104 ያህል ቅጠሎች 86ቱ ተርፈዋል፤ 56ቱ በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት፣ 30ዎቹ በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ዕብራውያን ከሮሜ ቀጥሎ ገብቷል። ጳውሎስ ስለ ክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ፣ ስለ ምስክሮቹም የጻፈው 1ኛ ቆሮንቶስ 15 ከጥቂት ጉድለት በቀር በዚያ ላይ አለ። ከ1800 ዓመት በፊት በግብፅ ያለ ክርስቲያን ያነበበውን ያን የትንሣኤ ምሥራች እኔና እናንተ በአማርኛ እናነበዋለን።

የ3ኛው ክፍለ ዘመን የሆነው ፓፒረስ 45 ተጎድቶ ቢደርሰንም አራቱን ወንጌላትና የሐዋርያት ሥራን በአንድ ጥራዝ የያዘ ነበር። ታላቁ የኒቅያ ጉባኤ በ325 ዓ.ም. ከመሰብሰቡ በፊት አራቱ ወንጌላት አብረው ይጠረዙ ነበር ማለት ነው። እነዚህን ወንጌላት የመረጠው ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ነው የሚል ወሬ ለሚያነሣባችሁ ሰው ይህን በትሕትና ልታሳዩት ትችላላችሁ።

ፓፒረስ 66 የዮሐንስ ወንጌል ነው። ጸሐፊው ይሳሳታል፤ ቃል ይዘላል፤ ከዚያ ተመልሶ ያርማል። በመቶ የሚቆጠሩ እርማቶች አሉበት፤ አብዛኞቹንም ያረመው ጸሐፊው ራሱ እንደሆነ ይታመናል። ይህን ሳነብ ልቤ ይነካል። ያ ሰው ቃሉን በግድየለሽነት አልያዘውም። እንደ እኔና እንደ እናንተ እጁ የሚስት፣ ግን ስህተቱን አይቶ የማያልፍ ሰው ነበር።

በእነዚህ ጽሑፎች ላይ ሌላም ነገር ይታያል። ጸሐፊዎቹ «እግዚአብሔር»፣ «ጌታ»፣ «ኢየሱስ»፣ «ክርስቶስ» የሚሉትን ቃላት አሳጥረው ይጽፉና ከላይ መስመር ያሰምሩባቸዋል። ዓይን ገጹ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚያየው እነዚያን ስሞች ነው። የአብን ስምና የኢየሱስን ስም በአንድ ዓይነት አክብሮት መጻፋቸው የመጀመሪያዎቹ አማኞች ጌታን እንዴት ያዩት እንደነበር ይመሰክራል።

ሕዝባችን ማወቅ የሚገባው

ከዚህ ጋር የማንደብቀው ነገር አለ። በዝሙት የተያዘችው ሴት ታሪክ (ዮሐንስ 7፥53 እስከ 8፥11) በፓፒረስ 66 ላይ የለም። በፓፒረስ 75 ላይም የለም። በአንዳንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች ላይ የግርጌ ማስታወሻ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። በራእይ 13፥18 ላይ ያለው የአውሬው ቁጥር ደግሞ በፓፒረስ 47 ላይ 666 ሲሆን፣ ከኦክሲሪንኩስ በተገኘው በፓፒረስ 115 ላይ 616 ነው። ይህም አዲስ ወሬ አይደለም። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ኢሬኔዎስ ሁለቱንም ንባብ ያውቅ ነበር፤ ትክክለኛው 666 ነው ብሎም ተከራክሯል።

የንባብ ልዩነቶች አብዛኞቹ የፊደል አጻጻፍና የቃላት ቅደም ተከተል ናቸው። ትርጉም የሚነኩት ጥቂቶች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ በብዙ ቅጂዎች ስለምናውቃቸው ምሁራን አመዛዝነው ይፈርዳሉ። አንድ ቅጂ ብቻ ቢኖረን ልዩነት አይታየንም ነበር፤ ስህተቱንም የምናውቅበት መንገድ አይኖረንም ነበር። ጌታችን እንደ ሞተና እንደ ተነሣ፣ በጸጋ በእምነት እንደምንድን የምናምነው በእነዚህ አከራካሪ ክፍሎች ላይ ተመሥርተን አይደለም።

ይህን ሁሉ ካጠናሁ በኋላ በሌላ እሑድ መድረክ ላይ ቆሜ፣ «ስለ ማንቸስተሩ ፓፒረስ የነገርኳችሁ ሦስት ነገር ስህተት ነበር» ብዬ አንድ በአንድ አረምኩ። ጉባኤው ዝም አለ። በኋላ አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ጠሩኝና፣ «ፓስተር፣ ይህን ለብቻችን ብንነጋገረው አይሻልም ነበር? ደካማው ይሰናከላል» አሉኝ። ሐሳባቸው ከፍቅር እንደመጣ አውቃለሁ። በእምነት የደከመውን እንድንጠብቅ ጳውሎስም አዝዞናል።

ነገር ግን ደካማውን ያሰናከለው የትኛው ነው? የዚያችን ልጅ ወንድም ያሰናከለው በዮሐንስ 8 ላይ ያለው የግርጌ ማስታወሻ አልነበረም። ያሰናከለው የእኛ «አንድም ልዩነት የለም» ነው። ሰፈሩ፣ ስልኩ፣ ትምህርት ቤቱ በጥያቄ በተሞላበት ዘመን ልጆቻችን እውነቱን መስማታቸው አይቀርም። ጥያቄው ከማን ይሰሙታል የሚል ነው። ከሚወዳቸው ሰው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቢሰሙት አይሻልም?

ኢዮብ ወዳጆቹን ለእግዚአብሔር ስትሉ ሐሰት ትናገራላችሁን ብሎ ገሥጿቸዋል (ኢዮብ 13፥7)። እነዚያ ሰዎች ለእግዚአብሔር የሚከራከሩ መስሏቸው ነበር። በመጨረሻው ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው። ጳውሎስም በዚያው በትንሣኤው ምዕራፍ ላይ፣ ክርስቶስ ካልተነሣ በእግዚአብሔር ላይ ሐሰተኛ ምስክሮች ሆነን ተገኝተናል ይላል (1ኛ ቆሮንቶስ 15፥15)። ሐሰተኛ ምስክር መሆን ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ያውቅ ነበር። ጌታ ጠበቃ እንድንሆንለት አልጠራንም፤ ምስክር እንድንሆን ነው የጠራን። ምስክር ያየውን ያህል ይናገራል፤ ያላየውን አይጨምርም።

ለሦስት ወገኖች

ለአገልጋዮች፦ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከመድረክ የምትጠቅሱትን ማስረጃ ከመጥቀሳችሁ በፊት መርምሩ። «ምሁራን 2ኛው ክፍለ ዘመን ወይም ትንሽ ቆየት ብሎ ነው ብለው ይገምታሉ» ማለት ስብከትን አያደክምም። ከተሳሳታችሁም እርማቱን በተሳሳታችሁበት መድረክ ላይ አድርጉት። ያ የፓፒረስ 66 ጸሐፊ ያረመው በዚያው በሳተበት ገጽ ላይ ነው።

ለወጣቶች፦ የምትሰሙት ነገር ሲያስደነግጣችሁ ብቻችሁን አትሸከሙት። ወደ እኛ አምጡት። መልሱን ባናውቀው አብረን እንፈልገዋለን። ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር ሁሉን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ እንደተከታተለ ይነግረናል። መመርመር ክህደት ቢሆን ኖሮ ሉቃስ ወንጌል ባልጻፈ ነበር።

ገና እየፈለጋችሁ ላላችሁ፦ ከእኛ መካከል አንዱ አጋንኖ ነግሯችሁ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃችኋለሁ። የእኛን ስህተት በጌታ ላይ አትቁጠሩበት። ፓፒረስ ኢየሱስ ከሞት መነሣቱን አያረጋግጥላችሁም፤ ያንን ማድረግ አይችልም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር የጥንቶቹ ምስክሮች የተናገሩት ቃል እስከ እናንተ እንደደረሰ ማሳየት ነው። ቃሉን ስታነቡ በቃሉ ውስጥ የሚናገረውን እርሱን ታገኙታላችሁ። እኔ ያገኘሁት እንደዚያ ነው፤ ያን ጊዜ ስለ ፓፒረስ ምንም አላውቅም ነበር።

የዚያች ልጅ ወንድም ተመልሷል ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ ነበር። ገና አልተመለሰም። ግን ቡና ጠጥተናል፤ አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ በተገናኘን ቀን፣ «ሰባኪ ‹ተሳስቼ ነበር› ሲል ሰምቼ አላውቅም። እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት» አለኝ። ደስ አላለኝም። ይህን ያህል ዓመት በመካከላችን ሲኖር አንድም ጊዜ አለመስማቱ አሳዘነኝ።

በማንቸስተሩ ቁራጭ ጀርባ ላይ ጌታችን በጲላጦስ ፊት ቆሞ የተናገረው ቃል አለ። ስለ እውነት ሊመሰክር ወደ ዓለም እንደመጣ የተናገረበት ነው። ወረቀቱ ዳርና ዳሩ ተቀዶ ብዙው ጠፍቷል፤ «እውነት» ከሚለው የግሪክ ቃል ግን የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ዛሬም ይነበባሉ። ያንን ቁራጭ ይዘን ከእውነት ያለፈ ነገር እንዳንናገር ጌታ ይርዳን።

የሰላም አምላክ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።